በጠርሙሱ ውስጥ ያለው በጠርሙሱ ላይ ይጻፍ

እህል የሚገዛ ሰው እህሉን ዘግኖ ያየዋል፤ ቅቤ የሚገዛ ያሸተዋል፤ ጨርቅ የሚገዛ በጣቱ ይዳስሰዋል። በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ፈሳሽ የሚገዛ ሰው ግን ዓይኑም፣ አፍንጫውም፣ ጣቱም አይረዱትም። ለእርሱ ያለው ምስክር በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ብቻ ነው። ይህ ምስክር ሐሰተኛ ወይም ዝምተኛ የሆነ እንደ ሆነ ገዥው ገንዘቡን የሰጠው ለማያውቀው ነገር ነው ማለት ነው።

ዛሬ ይህን ነገር የምንመረምረው እጅግ ትንሽ በሚመስል ጉዳይ ላይ ነው። ይኸውም በቤታቸው በመስተዋት ዕቃ፣ ማለት በአኳሪየም፣ ዓሣ የሚያኖሩ ሰዎች አልጌ የተባለውን አረንጓዴ የውሃ ዝቃጭ ለማጥፋት የሚገዙት መድኃኒት ነው። ይህ ዕቃ ይልቁንም በአሜሪካና በአውሮጳ በሰፊው ይሸጣል። «ለጌጥ የተያዘ ዓሣ ተማሪንና የመንግሥት ሠራተኛን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን የሕግ ጉድለት በትልቅ ጉዳይ ላይ ሲሆን በብዙ ክርክር ይሸፈናል፤ በትንሽ ጉዳይ ላይ ሲሆን ደግሞ ጥርት ብሎ ይታያል። በመስተዋት ውስጥ ያለ ነገር ለማየት አያስቸግርምና ከዚህ እንጀምር። በዚህ ሐተታ የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመናት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናሳስባለን።

ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ዐዋቂ ዓሣና ተክል በአንድ ዕቃ ውስጥ እየተረዳዱ፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ ሳይለወጥ፣ እንዴት ሊኖሩ እንደሚችሉ የሚያስረዳ ጥናት በ1850 አሳተመ። በዕቃው ውስጥ ያኖራቸው ሁለት ወርቃማ ዓሣዎችና ቫሊስኔሪያ የምትባል የውሃ ውስጥ ሣር ነበሩ። ጥቂት ቈይቶ የሣሩ ቅጠል እየበሰበሰ፣ አረንጓዴውም ዝቃጭ እየበዛ ውሃውን ሲያበላሸው አየ። ዋሪንግተንም መድኃኒት አላፈሰሰበትም፤ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበት እንጂ። ቀንድ አውጣዎቹ ብስባሹንና ዝቃጩን እየበሉ ውሃውን አጠሩለት። ከዚያም በ1853 በለንደን የአራዊት መናፈሻ ሕዝብ የሚጎበኘው የዓሣ ቤት ተከፈተ፤ በ1854 የፊሊፕ ሄንሪ ጎስ መጽሐፍ ሲታተም የዓሣ መስተዋት በእንግሊዝ አገር በየሳሎኑ ይገባ ጀመር።

እንግዲህ የመጀመሪያው የአልጌ መድኃኒት ሕይወት ያለው ቀንድ አውጣ ነበር። ዛሬ በገበያ ከሚገኙት የአልጌ መድኃኒቶች መካከል ግን አስቀድመው የሚገድሉት ይህንኑ ቀንድ አውጣ የሆኑ አሉ። ገዥው ይህን ከጥፋቱ በፊት ሊያውቅ የሚችለው ጠርሙሱ እውነቱን ከነገረው ብቻ ነው።

አልጌ ያለ ምክንያት አይመጣም። የሚያድገው በብርሃንና በውሃ ውስጥ በሟሟ ምግብ ነው። ዓሣው በልቶ የተወው ፍርፋሪና የዓሣው እዳሪ በመጨረሻ ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናሉ፤ እነዚህም ለአልጌ ማዳበሪያ ናቸው። መብራቱ ከጧት እስከ እኩለ ሌሊት ሲበራ፣ ምግቡም ከልክ በላይ ሲሰጥ፣ መስተዋቱ አረንጓዴ ቢለብስ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ዋናው መድኃኒት መብራቱን በቀን ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት መወሰን፣ ምግቡን መቀነስና በየሳምንቱ ከውሃው ከፍሎ መለወጥ ነው። ይህ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ወደ ሱቅ ይሄድና «ውሃ ያጠራል» የሚል ጠርሙስ ይዞ ይመለሳል። በጠርሙሱ ውስጥ ምን አለ? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ከእነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ዕድሜ የጠገበው የመዳብ ሰልፌት ነው። በ1904 ጆርጅ ሙርና ካርል ኬለርማን የተባሉ የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች በከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ የሚበቅለውን አልጌ በመዳብ ሰልፌት ማጥፋት እንደሚቻል አሳትመው አስታወቁ። መዳብ አልጌን እንደሚገድል ሁሉ ቀንድ አውጣንና ሽሪምፕን ይገድላል፤ መጠኑ ሲያልፍ ደግሞ ዓሣውንም አይምርም። ካልሲየምና ማግኒዥየም ባነሰበት ለስላሳ ውሃ ውስጥ መርዝነቱ ይበረታል።

እዚህ ላይ ተማሪ የሆነው አንባቢያችን እርሳሱን አንሥቶ አብሮን ያስላ። ሰማያዊው የመዳብ ሰልፌት ድንጋይ ንጹሕ መዳብ አይደለም፤ ከክብደቱ መዳብ የሆነው ሩቡ ያህል ሲሆን የቀረው ሰልፌትና ውሃ ነው። ስለዚህ «አንድ ግራም መዳብ» እና «አንድ ግራም የመዳብ ሰልፌት» በአራት እጥፍ ያህል ይለያያሉ። አንድ ግራም የመዳብ ሰልፌት በመቶ ሊትር ውሃ ውስጥ ቢሟሟ በእያንዳንዱ ሊትር ሁለት ሚሊግራም ተኩል ያህል መዳብ ይገኛል። የባሕር ዓሣን ከጥገኛ ተባይ ለማዳን በመዳብ ሰልፌት የሚያክሙ ሰዎች በአንድ ሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም መዳብ ላይ ለመቆም የሚጠነቀቁ መሆናቸውን ስናስብ፣ የዚያ አንድ ግራም ነገር ምን ያህል እንደ ሆነ ይገባናል። እንግዲህ ወረቀቱ «መዳብ አለበት» ብሎ መጠኑን ቢደብቅ፣ ወይም መጠኑን ጽፎ የመዳቡ ይሁን የሰልፌቱ ሳይለይ ቢቀር፣ የነገረን እውነት ግማሽ እውነት ነው። በዚህ ጉዳይ ደግሞ ግማሽ እውነት ዓሣ ይገድላል።

ሁለተኛው ምሳሌአችን የስም ነገር ነው። «ፈሳሽ ካርቦን» እየተባሉ ለውሃ ውስጥ ተክል ምግብነት ከሚሸጡት ፈሳሾች መካከል ዋና ንጥረ ነገራቸው ግሉታራልዴሃይድ ወይም ከእርሱ የተገኘ የሆኑ አሉ። ግሉታራልዴሃይድ ፈላ ውሃ የማይችሉ የሐኪም መሣሪያዎች ከጀርም የሚጸዱበት ኬሚካል ነው። ትነቱ ዓይንንና ጉሮሮን ይለበልባል፤ ዘወትር የሚሠሩበትንም ሰዎች ለአስም ሊያጋልጥ እንደሚችል የታወቀ ነው። ዓሣ አኗሪዎች ይህ ፈሳሽ አልጌ እንደሚገድል እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ ብዙዎቹም የሚገዙት ለዚሁ ነው። «ካርቦን» የሚለው ቃል ሐሰት አይደለም፤ በስኳርም፣ በኮምጣጤም፣ በቤንዚንም ውስጥ ካርቦን አለ። ነገር ግን ቃሉ ገዥውን ስለ ከሰል እንዲያስብ እንጂ ጓንት እንዲያደርግ አይመክረውም። ቫሊስኔሪያ፣ ማለት የዋሪንግተን ሣር፣ በዚህ ፈሳሽ የምትሟሽሽ መሆኗም በአኗሪዎቹ ዘንድ የታወቀ ነው። የተክል ምግብ ተብሎ የተገዛው ነገር ተክል ሲያጠፋ ገዥው ማንን ይጠይቅ?

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ የከበደ ነው። የመስተዋቱን ወለል እንደ ብርድ ልብስ የሚሸፍን፣ ሲነኩት እንደ ቆዳ የሚላጥ፣ የሚከረፋም ሰማያዊ አረንጓዴ ነገር አለ። በልማድ አልጌ ይባል እንጂ ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያም ስለ ሆነ ኤሪትሮማይሲንን በመሰለ አንቲባዮቲክ ይሞታል። ኤሪትሮማይሲን ለሰው ልጅ የሳንባና የጉሮሮ በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። እንግዲህ አንቲባዮቲክ ያለበት ዱቄት ስሙ ሳይጻፍ «ዝቃጭ አስወጋጅ» ተብሎ ቢሸጥ፣ ገዥው ሐኪም ሳያዝዘው፣ ምን እንደሚሠራም ሳያውቅ አንቲባዮቲክ በውሃ ውስጥ ይበትናል፤ በሳምንቱ ውሃውን ሲለውጥ ደግሞ ወደ ፍሳሽ ቦይ ይደፋዋል። መድኃኒቱን የለመዱ ባክቴሪያዎች እየበዙ ሲሄዱ ጉዳቱ የሚደርሰው በዓሣ ብቻ ሳይሆን ነገ በሚታመም ሕፃንም ላይ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በታኅሣሥ ወር 2023 ለአኳሪየም ዓሣና ለመሳሰሉት እንስሳት ያልተፈቀደ አንቲባዮቲክ ለሚያመርቱና ለሚሸጡ ዘጠኝ ድርጅቶች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጻፉ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑን ያሳያል።

ሕግስ የለም ወይ? አለ፤ መልካም ሕግም አለ። በአሜሪካ በ1947 የወጣው የፀረ ተባይ ሕግ አልጌ ገዳይንም ይጨምራል። በዚህ ሕግ መሠረት ሥራውን የሚሠራው ንጥረ ነገር ስሙና ከመቶው ስንት እጅ እንደ ሆነ በጠርሙሱ ፊት ላይ መጻፍ አለበት። በአሜሪካ ገበያ የሚገኝ አንድ የታወቀ የአልጌ መድኃኒት የኬሚካሉን ረዥም ስምና 4.5 በመቶ መሆኑን በግልጽ ጽፎ፣ ሽሪምፕና ክራብ ባሉበት ውሃ ውስጥ እንዳይጨመር ያስጠነቅቃል። ገዥም አልሸሸውም። የሕጉ ደንብ ከዚህ ዐልፎ «አይጎዳም»፣ «መርዝ የለበትም» የሚሉትን ቃላት በፀረ ተባይ ጠርሙስ ላይ እንደ ማሳሳቻ ይቈጥራቸዋል። በአውሮጳ ኅብረትም በ2012 የወጣው ቍጥር 528 ደንብ ለመዋኛና ለአኳሪየም ውሃ የሚሆኑትን አልጌ ገዳዮች በስም ጠርቶ በቍጥጥሩ ውስጥ ያገባቸዋል፤ የንጥረ ነገሩ ስምና መጠን እንዲጻፍ ያዝዛል፤ «ተፈጥሮአዊ»፣ «ለእንስሳ ተስማሚ» የሚሉትንም ማባበያዎች ይከለክላል።

ታዲያ ጉድለቱ ከወዴት ነው? ጉድለቱ የአሜሪካው ሕግ የሚነሣው ሻጩ ስለ ዕቃው ከተናገረው ቃል መሆኑ ነው። ሻጩ «አልጌ ይገድላል» ካለ ዕቃው ፀረ ተባይ ነው፤ መመዝገብም፣ ንጥረ ነገሩን መጻፍም ግዴታው ይሆናል። «ውሃ ያሳምራል»፣ «ለተክል ምግብ ይሆናል» ካለ ግን ያው ፈሳሽ በሌላ በር ሊገባ ይችላል። አንድ ግሥ በመለወጥ ብቻ ከሕግ መውጣት ተቻለ ማለት ነው። ዓሣው ግን ግሥ አያነብም፤ የሚደርስበት ኬሚካሉ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ግዴታው በሻጩ ቃል ላይ ሳይሆን በጠርሙሱ ውስጥ ባለው ነገር ላይ መመሥረት አለበት። ሕያው ነገር ባለበት ውሃ ውስጥ እንዲጨመር ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ፈሳሽ ወይም ዱቄት፣ ስሙ ምግብም ይሁን መድኃኒት ወይም ጌጥ፣ ዋና ንጥረ ነገሩንና መጠኑን ይናገር።

በዚህ ላይ የሚቀርቡትን መቃወሚያዎች ሳንመረምር ብናልፍ ፍርዳችን የአንድ ወገን ይሆናል። የመጀመሪያው «የንግድ ምስጢራችን ይወጣል» የሚል ነው። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በአሜሪካ የ1906 የምግብና የመድኃኒት ሕግ ሲዘጋጅ «ምስጢራዊ» መድኃኒት ሻጮች ይህንኑ ብለው ነበር። ሕጉ ወጣ፤ በመድኃኒት ውስጥ ያለው አልኮል፣ ኦፒየም፣ ሞርፊንና ኮኬይን በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍ ተደረገ፤ እናቶችም ለሚያለቅስ ሕፃን የሚሰጡት ሽሮፕ ሞርፊን እንዳለበት ማንበብ ቻሉ። የመድኃኒት ንግድ ግን በዚህ አልጠፋም። ደግሞስ ምስጢሩ የሚደበቀው ከማን ነው? ተወዳዳሪው ነጋዴ ኬሚስትና ላቦራቶሪ አለው፤ ጠርሙሱን ከሱቅ ገዝቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ምን እንዳለበት ሊያስመረምር ይችላል። ላቦራቶሪ የሌለው ገዥው ብቻ ነው። ከተወዳዳሪ የማይሰወር፣ ከገዥ ብቻ የሚሰወር ነገር የንግድ ምስጢር ሊባል አይገባውም። የአቀማመሙን ዘዴ ይያዙት፤ የምንጠይቀው ዋናውን ንጥረ ነገርና መጠኑን ነው።

ሁለተኛው «ሕዝቡ የኬሚካል ስም አይገባውም» የሚል ነው። ሁሉም ላይገባው ይችላል። ነገር ግን ከመቶ ገዥ አንዱ ቢገባው ያ አንዱ ለዘጠና ዘጠኙ ይነግራል። ሕፃን በስሕተት ከጠርሙሱ ቢጠጣ ሐኪሙ የሚያነበው ይህንኑ ስም ነው፤ ስም የሌለው ጠርሙስ በያዘች እናት ፊት ግን ሐኪሙም ከእርስዋ የተሻለ አያውቅም። ቃል ራሱ ጥንቃቄ እንደሚፈልግም ከአሜሪካ ተሞክሮ እንማራለን። በዚያ አገር ከዋናው ንጥረ ነገር በቀር ያለውን «ሥራ የማይሠራ» ብሎ መጻፍ ልማድ ነበር፤ ሕዝቡ ግን «የማይጎዳ» ማለት ስለ መሰለው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ በ1997 «ሌሎች ንጥረ ነገሮች» የሚለው አጠራር እንዲመረጥ አምራቾችን አሳሰበ። አንድ ቃል ሳይዋሽ ሊያሳስት እንደሚችል ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛው መቃወሚያ «የእኛ ከተክል የተቀመመ፣ ተፈጥሮአዊ ነው፤ ምን ያስጽፋል?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ ፍለጋ ባሕር ማዶ መሄድ አያስፈልገንም። ብርብራ የአገራችን ዛፍ ነው፤ ፍሬው ተወቅጦ በውሃ ሲበተን ዓሣ እንደሚያሰክርና እንደሚገድል ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል። እንዶድም የአገራችን ተክል ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ምርምራቸውን የጀመሩት የተክሉን ኃይል ስለ ተገነዘቡ ነው። ሁለቱም ተፈጥሮአዊ ናቸው፤ ሁለቱም በውሃ ውስጥ ያለ ነፍስ ያጠፋሉ። «ተፈጥሮአዊ» የሚለው ቃል ከወዴት እንደ መጣ ይነግረን ይሆናል እንጂ ምን እንደሚያደርግ አይነግረንም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ቁም ነገር አጭር ነው። አንድ የአልጌ መድኃኒት ጠርሙስ አራት ነገር ሊናገር ይገባዋል። አንደኛ፣ ሥራውን የሚሠራው ንጥረ ነገር በታወቀው ስሙ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ፣ መዳብም ከሆነ በንጹሕ መዳብ ተሰልቶ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ የትኞቹን ሕያዋን እንደሚጎዳ፣ ማለት ቀንድ አውጣን፣ ሽሪምፕን፣ ተክልን ወይም በማጣሪያው ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች፣ ሳይድበሰበስ ይነገር። አራተኛ፣ ብዙ አልጌ በአንድ ጊዜ ሲሞት በስብሶ የውሃውን ኦክስጅን ስለሚጨርስ ዓሣው ሊታፈን እንደሚችል ማስጠንቀቂያ ይጨመር። ይህ ሁሉ በአንድ መዳፍ ስፋት ወረቀት ላይ ይበቃል፤ ለቀለም የሚወጣውም ገንዘብ ማንንም ነጋዴ አያደኸይም።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ይህን ሲያነብ «በእኔ ጠረጴዛ ላይ የዓሣ መድኃኒት አይመጣም» ይል ይሆናል። ዓሣው ባይመጣ ጠርሙሱ ይመጣል። የበረት መድኃኒት፣ የእህል ተባይ ማጥፊያ፣ የፊት ቅባት፣ የሕፃናት ሽሮፕ፣ ሁሉም በወረቀት ተለጥፈው ፈቃድ ለመጠየቅ ይመጣሉ። በአገራችን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደነገገ። ድንጋጌው በወረቀት ላይ ያማረ ነው፤ ሥጋና ደም የሚለብሰው ግን መዝገቡን የያዘው ሠራተኛ ማኅተሙን ከማንሣቱ በፊት «ምን አለበት? ስንት አለበት? ማንን ይጎዳል?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። ሦስቱን ጥያቄዎች ለመጠየቅ የኬሚስትሪ ዲግሪ አያስፈልግም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ፣ ካለመጠየቅም ሕግ እንዳለ ይቀራል።

ተማሪውም ድርሻ አለው። በትምህርት ቤት የተማረውን የሚሊግራምና የሊትር ሒሳብ ለፈተና ብቻ ካኖረው ዕውቀቱ በደብተር ታስሮ ይቀራል። ለቤቱ የሚገዛውን ጠርሙስ አገላብጦ ማንበብ፣ ያልተጻፈውን መጠየቅ፣ ያልተጻፈበትን አለመግዛት፣ ይህ ሁሉ የትምህርት ፍሬ ነው። ሻጭ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው ባዶ እጁን የሚመለስ ገዥን ነው።

በመስተዋት ውስጥ ያለ ዓሣ ከሚፈስበት ነገር የሚሸሽበት ሌላ ውሃ የለውም፤ ጠበቃውም ጠርሙሱን የያዘው ሰው ነው። ያ ሰው የያዘውን እንዲያውቅ ማድረግ ከሻጩ የሚጠበቅ ትንሹ ቅንነት ነው፤ ይህን ቅንነት ማስገደድ ደግሞ የሕግ ሥራ ነው።